ግሩፑን ከመዝጋቴ በፊት

ነሐሴ 22 ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እዘጋለሁ። ውስጡ ከ9 ሺህ በላይ ሰው አለ። ሥራው አርሰናልን መደገፍ ነው፤ ሲያሸንፍ አብሮ መጮህ፣ ሲሸነፍ አብሮ መናደድ። ዕድሜው 14 ዓመት ሆኖታል። በኢንተርኔት አቆጣጠር ይሄ ሽምግልና ነው።

«ለአንድ ግሩፕ ይሄን ያህል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ጓደኛዬም «ሌፍት በልና ውጣ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» ብሎኛል። እኔም እንደሱ አስብ ነበር። ሐሳቤን የቀየረው በሰኔ ወር ከማላውቀው ሰው የገባልኝ መልእክት ነው።

«ሰላም ብሮ፣ ግሩፑን ትሸጠዋለህ?»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ግን የምሩን ነው። በሰው 5 ብር ሒሳብ አስልቶ ከ45 ሺህ ብር በላይ አቀረበልኝ። ባለቤትነቱን ወደ እሱ አካውንት ካዛወርኩለት ብሩን በዚያው ቀን ይልካል። ከዚያ ስሙን ይቀይራል፣ ፎቶውን ይቀይራል፣ ሰዎቹ ግን እዚያው እንዳሉ ይቀራሉ። «እነሱ ምንም አይሰማቸውም» አለኝ። እኔን ማረጋጋቱ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ወዲያው እምቢ አላልኩም። «አስቤበት ልንገርህ» አልኩት። የቤት ኪራይ መክፈያዬ ደርሶ ነበር። ሁለት ቀን አሰብኩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው የሚያሳፍሩኝ እነዚያ ሁለት ቀናት ናቸው።

የተሸጠ ግሩፕ ምን እንደሚሆን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል። አንድ ጠዋት ስትነሱ ገብታችሁ በማታውቁት፣ «100 ፐርሰንት ፊክስድ ማች» የሚል ስም ባለው ቤት ውስጥ ራሳችሁን ታገኛላችሁ። ወደ ላይ ስትገፉት ድሮ የነበራችሁበት የኳስ ወይም የሙዚቃ ግሩፕ ሆኖ ይገኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሻጭ 4 ሺህ ሰው አለው እንበል። ለግማሹ «ዛሬ ባለሜዳው ያሸንፋል»፣ ለግማሹ «ባለሜዳው አያሸንፍም» ይላል። ለ2 ሺህ ሰው ትክክል ሆነ ማለት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያን 2 ሺህ ሰዎች ደግሞ ለሁለት ይከፍላል። በሦስተኛው ሳምንት 500 ሰው ሦስቴ ተከታትሎ የተሳካ ትንቢት አይቷል። እነሱ ናቸው ለአራተኛው ገንዘብ የሚከፍሉት። ሰውዬው ስለ ኳስ አንዳች ማወቅ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ብዙ ሰው ብቻ ነው፤ በሰው 5 ብር የሚገዛውም ለዚያ ነው።

እና የኔ ሰዎች ማን ናቸው? ከዚህ ልጀምር።

ግሩፑ የተወለደው በውርደት ቀን ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም፣ እሁድ፣ ኦልድ ትራፎርድ። ማንቸስተር ዩናይትድ 8፣ አርሰናል 2። ሩኒ ብቻውን 3 አገባብን። በዚያ ክረምት ፋብሬጋስ ወደ ባርሴሎና፣ ናስሪ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሄደው ነበር። ሰፈር ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነበርኩ። 6ኛው ሲገባ የዩናይትዶቹ ልጆች ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምሩ ወጥቼ ሄድኩ። ክለቡ በኋላ ማንቸስተር ድረስ ለተጓዙት ደጋፊዎቹ ለሌላ ጨዋታ ነፃ ትኬት ሰጥቷል። ለኛ ትኬት የሚሰጠን ስላልነበረ በዚያ ማታ በኖኪያ ስልኬ ፌስቡክ ላይ ግሩፕ ከፈትኩ። 17 ሰው ነበርን። (ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ገዢ ሊፈልገው ይችላል።)

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቴሌግራም ተዛወርን። ምክንያቱ የካርድ ጉዳይ ነው፤ ቴሌግራም ፓኬጅ አይበላም። ያን ጊዜ የግሩፑ ዋና ሥራ ጨዋታውን ማየት ለማይችሉት መጻፍ ነበር። ዛሬ ሁሉም ሰው ጎሉን በሰከንድ ውስጥ በቪዲዮ ሲያይ ይሄ ሊገርማችሁ ይችላል። ስክሪን ፊት ያለው ሰው ይጽፋል፦ «ኮርና ለኛ»፣ «ኦዚል ወጣ፣ አሁን እንዴት ኦዚልን ያወጣል!»፣ «ጎጎጎጎ»፣ «ኦፍሳይድ ነው ይቅርታ»። ይሄን የሚያነቡት የሌሊት ተረኛ ነርሶች፣ ጥበቃዎች፣ ሪያድና ቤይሩት ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ነበሩ። አንዷ ከሪያድ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ልብስ እየተኮስኩ ነው የማነበው፣ ቶሎ ቶሎ ጻፍ» ብላ የምትቆጣኝን አልረሳትም። በ2006 ዓ.ም ግንቦት፣ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ፣ ሃል ሲቲ ገና በ8 ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 ሲመራን በጽሑፍ የተከታተለ ሰው ምን እንደተሰማው አስቡት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጣ ዋንጫ ነበር። ራምሴ በጭማሪው ሰዓት 3ኛውን ሲያገባ የጻፈው ልጅ «ራ» ብቻ ጽፎ ቀረ። ስልኩን ወርውሮት ነበር። ሪያድ ያለችው እህታችን ለ10 ደቂቃ ያህል «ራ ምን? ራ ምን?» እያለች ነበር።

ሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በአገሪቱ ተቋረጠ። ወደ ሦስት ሳምንት ቆየ። ሐምሌ 5 ቶተንሃም 2 ለ 1 ሲያሸንፈን አብረን የምንናደድበት ቤት አልነበረንም። ሰዎች እየደወሉ በስልክ ተናደዱብኝ። ግሩፑ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ቁጥራቸውን የማላውቅ ሰዎች ቁጥሬን ከሌላ ሰው ፈልገው፣ ለመናደድ ብቻ ደወሉልኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም፣ እሁድ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ኦባሜያንግ በፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ 1 ለ 0 አሸነፍን። መቀሌ ያለ አንድ ፋርማሲስት አባላችን «ድምፄ ጠፍቷል፣ ነገ ሥራ ገብቼ በምልክት ነው መድኃኒት የምሸጠው» ብሎ ጻፈ። በዚያው ሳምንት ጦርነቱ ተጀመረ፤ የትግራይ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ቴሌግራም ለተወሰኑ ወራት ያልተከፈተ አካውንትን በራሱ ይሰርዛል። በ2013 አንድ ቀን የአባላት ዝርዝሩን ሳይ የሱ ስም በነበረበት «ዲሊትድ አካውንት» ይላል። ያ ስለ ድምፁ የጻፈው መልእክት ላይም ስሙ ጠፍቷል። ቦቶችንና የሞቱ አካውንቶችን ስናጸዳ እሱን አትንኩት አልኩ። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ አድሚን አልነበረም።

በ2015 ዓ.ም ታኅሣሥ የመቀሌ አገልግሎት ሲመለስ፣ ፎቶ የሌለው አዲስ አካውንት ገባ። የመጀመሪያ ጽሑፉ «ሰላም ናችሁ? ስንተኛ ነን?» የሚል ነበር።

«አንደኛ» አልነው።

«አትቀልዱብኝ» አለ።

አልቀለድንም። እሱ በጠፋበት ዓመት ገና ላይ አርሰናል 15ኛ ነበር። ሲመለስ ሊጉን እየመራ ነበር። ሰንጠረዡን ስክሪንሾት አድርገን ላክንለት። በዚያ ምሽት ግሩፑ ውስጥ ሌላ ነገር የጠየቀው የለም፤ ስለ ሳካና ኦዴጋርድ ብቻ እስከ ሌሊት አወራን። በኋላ በውስጥ መስመር ለኔ የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም።

በነዚያ ዓመታት ሕጋችን አጭር ነበር፦ ፖለቲካ የለም፣ ብሔር የለም። የጣሰ ይታገዳል። «አገር እየነደደ ስለ ኳስ ታወራላችሁ» ያሉን ነበሩ፤ አልተሳሳቱም። በአንድ ሌሊት 40 ሰው ያባረርኩበት ጊዜ አለ፤ ከነሱ መካከል ያለአግባብ የወጣ ሊኖር ይችላል፣ እዚህ ላይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን አንድ ነገር እመሰክራለሁ። በዚያ ጊዜ ደሴ ያለው፣ መቀሌ ያለው፣ ነቀምት ያለው ሰው ሳይሰዳደቡ የሚያወሩበት ሌላ ቦታ በስልኬ ውስጥ አልነበረኝም። እንግዲህ ለዚህ ነው በሰው 5 ብር የተባለው።

ታዲያ ለምን ትዘጋዋለህ ትሉኝ ይሆናል። ስለሞተ ነው። ከ9 ሺህ ሰው የሚጽፈው 60 ቢሆን ነው። ጨዋታ የማያይ የለም፤ ጎሉ ቲክቶክ ላይ ከኛ ቀድሞ ይደርሳል። ሰባት አድሚኖች ነበርን፣ አንዱ ካናዳ ገባ፣ አንዱ ፓስተር ሆነ፣ አንዷ ከሚላን ደጋፊ ጋር ተጋባች (እንደ ክህደት አልቆጠርነውም)፤ አሁን እኔና አንድ የ19 ዓመት ልጅ ቀርተናል። እኔ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የክሪፕቶ ቦት የማባርርበት ጉልበት አለቀብኝ። በቃ ይሄው ነው፣ ትልቅ ምክንያት የለውም።

ነገር ግን የሞተ ነገር ይቀበራል፤ ሜዳ ላይ አይጣልም፣ ገበያም አይወጣም። ሰፈራችን በልማት ሲነሣ የዕድራችንን መፍረስ አይቻለሁ። የመጨረሻው እሁድ ሁሉም ተጠራ። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ስም በስም አነበበ፤ የሞቱትንም ጭምር። ገንዘብ ያዡ ያለውን ብር ቆጥሮ አሳየ፣ ተከፋፈለ። ድንኳኑና ወንበሩ ብዙ ሰው ወደ ደረሰበት ኮንዶሚኒየም ዕድር ሄደ። ጡሩምባው ለጡሩምባ ነፊው ተሰጠ። ሰው ተላቅሶ ተለያየ። የአባላቱን ስም ዝርዝር ለሌላ ዕድር እንሽጠው ያለ አልነበረም። ቢኖር ዳኛው በከዘራቸው ይሉት ነበር።

ኢንተርኔት ላይ ግን መዝገብ አናነብም። ትልልቆቹም አያነቡም። አይኤምዲቢ የፊልም አፍቃሪዎች ለዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩትን መድረክ እ.ኤ.አ. በ2017 የካቲት ውስጥ ሲዘጋ የሰጠው ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ነበር። ያሁ ግሩፕስም እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ሰዎች ለዓመታት የጻፉትን ማጥፋት ጀመረ፣ በዓመቱ ጨርሶ ተዘጋ። ድርጅቶች ናቸው፣ የሰርቨር ወጪ አለባቸው እንበል። እኔ ምን ሰበብ አለኝ? ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ማዛወር የሚጠይቀው የባለቤቱን የይለፍ ቃል ብቻ ነው። 9 ሺህ ሰው ድምፅ አይሰጥም፣ አይጠየቅም። ስለዚህ ሰው ሊጠብቀው የሚችለው ብቸኛው ነገር የአድሚኑ ኅሊና ነው፤ የኔን ኅሊና ደግሞ አይታችሁታል፣ ሁለት ቀን ፈጅቶበታል።

ሰውዬውን እምቢ ካልኩት በኋላ («ሌሎቹ እኮ ይሸጣሉ፣ 6 ብር ላድርገው» ብሎ ነበር) ነገሩን ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ከመለሱልኝ መካከል ደሴ ያሉት ጡረተኛ መምህር አንዱ ናቸው። እሳቸውን ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው፤ ስቲከር አይልኩም፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጽፉት፣ አራት ነጥብ ሳይረሱ። «ልጆቼ፣ ሃይበሪን እንዴት እንደተሰናበቱት ታስታውሳላችሁ?» አሉ። አብዛኞቹ ያን ጊዜ ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ አባባ ተረኩላቸው።

ሃይበሪ ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአርሰናል ሜዳ ነበር። ሚያዝያ 29 ቀን 1998 ዓ.ም የመጨረሻው ጨዋታ ተደረገ። ከዊጋን ጋር ነው፤ እንዲያውም ዊጋን 2 ለ 1 መርቶ ነበር። ቴሪ ኦንሪ 3 አገባ፣ 4 ለ 2 አለቀ። ሦስተኛዋን በፍጹም ቅጣት ምት ካገባ በኋላ ተንበርክኮ ሣሩን ሳመው። ከዚያ ቦታው መኖሪያ ቤት ሆነ። ግን አላፈረሱትም ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የምሥራቁንና የምዕራቡን የፊት ግድግዳ እንዳለ ትተው አፓርታማውን ከኋላው ሠሩት፣ ሣሩ የነበረበት ደግሞ የአትክልት ቦታ ሆነ። ዛሬ እዚያ የሚኖር ሰው በመስኮቱ ሲያይ የሚያየው ኦንሪ የሳመውን ቦታ ነው። «ቤቱ ተለውጧል፣ ግን ማን እንደነበረበት ይታወቃል። የኛንም እንዲህ አድርጉት» አሉ አባባ።

ቬንገርን የሸኘንበትንም ያነሣ ነበር። ሚያዝያ 28 ቀን 2010 ዓ.ም፣ በርንሊን 5 ለ 0፤ ሳይሸነፉ የጨረሱበት የዚያ ዘመን የወርቅ ዋንጫ የተሰጣቸው ቀን። ለዓመታት «ቬንገር ይውጣ» እያሉ የጻፉ ልጆች በዚያ ቀን የለቅሶ ስቲከር ሲልኩ ነበር። እኔም አንዱ ነኝ። ስክሪንሾት የያዘብኝ ሰው ስላለ መካድ አልችልም።

ሁሉም ግን አልተስማማም። የ19 ዓመቱ አድሚን በቮይስ ነው የመጣብኝ። «ብሮ፣ አንተ ስለደከመህ እኛ ለምን እንባረራለን? ለኔ ስጠኝ፣ እኔ አልሸጥም።» ልጁን አምነዋለሁ። ክርክሩም ቀላል አይደለም፤ እኔ የጀመርኩት በእሱ ዕድሜ ነው፣ ያን ጊዜ ማንም ፈቃድ አልሰጠኝም። ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ እሱና ጓደኞቹ በራሳቸው ስም፣ በራሳቸው ሕግ አዲስ ይክፈቱ። ሊንኩን እኛ ጋ ከላይ እንሰቅለዋለን። መሄድ የፈለገ በራሱ እግር ይሄዳል። 9 ሺህ ሰው ተኝቶ እያለ ከነአልጋው ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ግን፣ ቤቱ የደግ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ከሻጩ ሥራ ብዙ አይርቅም። እስካሁን 700 ሰው አካባቢ ሄዶላቸዋል። ሕጋቸው ከኛ ይሻላል፤ «ማንቸስተር ዩናይትድን የሚያሞግስ ለ24 ሰዓት ይታገዳል» ይላል።

እኛ ጋ ደግሞ እንደ ዕድሩ መዝገብ አነበብን። ለዓመታት ለታመመ፣ ለሞተበት፣ ሥራ ለወጣ እያዋጣን ያጠራቀምነው ሣጥን ነበረን። የገባውንና የወጣውን ከነቀኑ ለጠፍኩት፤ የቀረው 11,400 ብር ነው። ለምን ይዋል ብለን ድምፅ ሰጠን። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ጽሑፋቸው እንዲጠፋላቸው የፈለጉ እንዲነግሩን የሦስት ሳምንት ጊዜ ሰጠን። 17 ዓመት ሆኖት የጻፈውን 30 ዓመት ሲሆነው ማየት የማይፈልግ ብዙ ነው፤ መብቱ ነው። አስቂኙን ልንገራችሁ፦ በ2009 የኤፍኤ ካፕ ቼልሲን 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ማታ አንድ ልጅ ግሩፑ ውስጥ በሁላችን ፊት ሴት ልጅ ለትዳር ጠይቆ ነበር። እሺ አለችው፣ ተጋቡ፣ በኋላ ተፋቱ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም በየፊናቸው፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ያቺ መልእክት እንድትጠፋ ጻፉልኝ። ቀሪው ሰው የጻፈው «እልልልል» ግን 200 መስመር ስለሆነ እሱን ማጥፋት አልቻልኩም።

ግሩፕ ላላችሁ አንድ ሁለት የእጅ ሥራ ልንገራችሁ፣ እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። እዘጋለሁ ስል እደመስሳለሁ ማለቴ አይደለም። በፈቃዶቹ ዝርዝር ውስጥ መልእክት መላክን ለሁሉም ማጥፋት ይቻላል፤ ያን ጊዜ የድሮው ይነበባል፣ አዲስ አይጻፍም። ኮምፒውተር ላይ ባለው ቴሌግራም ደግሞ የግሩፑን ታሪክ በሙሉ ከነፎቶው ከነቮይሱ ወደ ፋይል ማውጣት ይቻላል። ይሄን አድርጉ፤ ምክንያቱም የባለቤቱ አካውንት ራሱ እንደዚያ ፋርማሲስት አካውንት አንድ ቀን ሊሰረዝ ይችላል። ሁለት ደረጃ ያለው የይለፍ ቃልም አብሩበት። እና «ትሸጣለህ?» ለሚላችሁ ሰው መልሱን ቀድማችሁ አስቡት። ኪራይ የደረሰ ቀን እንዳይመጣባችሁ።

እኔ ታሪኩን ያወጣሁት በአንድ ሰው ምክንያት ነው። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ አዋሽም ሆነ ሚሌ መኪናውን አቁሞ ቮይስ ይልካል። ሁሌ «ወገን!» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከኋላው የሞተር ድምፅ አለ፣ አንዳንዴ ረዳቱ ሲስቅ ይሰማል። ጨዋታውን ሳያይ፣ ውጤቱን ከመንገድ ሰምቶ፣ እንዳየ ሆኖ ይተነትናል፤ ከቴሌቪዥኖቹ ተንታኞች የሚበልጥበት ቀን ነበር። ኔትወርክ ከሌለ በማግስቱ ይመጣል፣ «ወገን! የትናንቱን ነው» ይላል። በ2014 ዓ.ም መንገድ ላይ ባጋጠመው አደጋ ሞተ። ግሩፑ እንደሚዘጋ ስጽፍ ታናሽ ወንድሙ በውስጥ መስመር መጣ። «አድሚን፣ ይቅርታ፣ የወንድሜ ድምፅ እናንተ ጋ ብቻ ነው ያለው። ስልኩ አብሮት ነው የተሰባበረው።»

ለሁለት ቀን «እሸጠው ይሆን» ብዬ ያሰብኩት ይሄንንም ጭምር ነበር። አስቡት፣ የሱ «ወገን!» በፊክስድ ማች ማስታወቂያ መሐል።

312 ቮይስ አገኘን። ልጁ አድሚን አንድ በአንድ ሰምቶ በቀን በቀን አደረደራቸው፣ ከየትኛው ጨዋታ በኋላ እንደሆነም ጻፈበት። 11,400 ብሩም ለሹፌሩ ሴት ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ እንዲሆን ተወሰነ፤ መስከረም ላይ ሦስተኛ ክፍል ትገባለች።

ባለፈው እሁድ አዲሱ የውድድር ዓመት ተጀመረ፤ እንደ አጋጣሚ ኦልድ ትራፎርድ ነው። ካላፊዮሪ በጭንቅላት አገባ፣ 1 ለ 0። ከዓመታት በፊት የጠፉ ሰዎች ሁሉ መጥተው ጻፉ፣ በድሮው ወጉ፦ «ኮርና ለነሱ»፣ «ራያ አወጣው»፣ «ስንት ደቂቃ ቀረው በናታችሁ»። ሪያድ የነበረችው እህታችን አሁን ሐዋሳ ነው ያለችው፣ የራሷ ቴሌቪዥን አላት። ግን አልከፈትኩትም አለች፤ እናንተ ጻፉልኝ።

የሹፌሩ ወንድም ትናንት ፍላሹን ሊወስድ መጣ። ካፌ ተቀመጥን። ላፕቶፑ ላይ መሥራቱን ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን ከፈትኩለት። የሞተር ድምፅ መጣ፣ ከዚያ «ወገን!» አለ። ልጁ አንገቱን አቀርቅሮ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሁለተኛውን ልከፍት ስል እጄን ያዘኝ። «ሌላውን ቤት ነው የምሰማው» አለ፣ «እማዬ ጋር።» ማኪያቶውን ሳይጨርስ ፍላሹን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ ቁልፉን ዘግቶ ሄደ።